ሜክሲኮ ሲቲ፣ ሶካሎ አደባባይ፦ አንድ ቀን ብቻ ነው ያለን፤ ምን እንይ፣ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ ሰብለ_ዲሲ

ጤና ይስጥልኝ። በኅዳር ማለቂያ ላይ ከእናቴ ጋር ከዋሽንግተን ወደ ሜክሲኮ ሲቲ እንበራለን። ለሶካሎ አደባባይና ለአካባቢው የያዝነው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሐሙስ። በዋናነት ማየት የምንፈልገው በስፔን ቅኝ ግዛት ዘመን የተሠሩትን ሕንፃዎች ነው። ከሙዚየም ሙዚየም መሮጥ አንፈልግም።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች፤ ደረጃ ግን ጉልበቷን ያማታል። የነቢያት ጾም ስለሚገባ የጾም ምግብ ያስፈልገናል። እሷ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ አላት፣ እኔ የአሜሪካ ፓስፖርት።

በእውነት የዚያ ዘመን የሆነው ሕንፃ የትኛው ነው? በምን ቅደም ተከተል ብንዞር ይሻላል? የብሔራዊ ቤተ መንግሥቱን የግድግዳ ሥዕሎች ማየት ይቻላል? ከአውሮፕላን ማረፊያስ በምን እንሂድ? ፎቶ ለማንሳት የሚመቸውን ሰዓትም የሚያውቅ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1፦ ድንጋይና_ኖራ

ሰብለ፣ አደባባዩ መሃል ትልቁ ባንዲራ ሥር ቁሙና መጀመሪያ አቅጣጫ ያዙ። ሰሜን ካቴድራሉ፣ ምሥራቅ ብሔራዊ ቤተ መንግሥቱ፣ ደቡብ ሁለቱ የከተማው አስተዳደር ሕንፃዎች፣ ምዕራብ ደግሞ በረንዳ ያላቸው ሱቆችና ሆቴሎች ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካቴድራሉ በ1573 ተጀምሮ ያለቀው በ1813 ነው። 240 ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ አንድ ወጥ ስልት አትፈልጉበት። መግቢያዎቹ ላይ ያሉት ዓምዶችና ቅርጻ ቅርጾች ጌጥ የሚበዛበት የባሮክ ዘመን ናቸው፤ ላይ ያለው ሰዓት፣ ሦስቱ ሐውልቶችና ጉልላቱ ግን አርክቴክቱ ማኑዌል ቶልሳ በመጨረሻ የጨረሳቸው ናቸው፤ መስመራቸው ቀጥ ያለና ጌጣቸው የቀነሰ ነው። ሐውልቶቹ እምነት፣ ተስፋና ፍቅር ናቸው። ከታች ወደ ላይ ቀስ ብላችሁ ካያችሁ ዘመኑ ሲቀያየር በዓይናችሁ ትከተሉታላችሁ።

ብዙ ሰው ዋናውን በር አይቶ ይሄዳል። አትሂዱ። ከካቴድራሉ ጋር ተያይዞ በስተቀኝ ያለው ሳግራሪዮ የሚባለው አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሎሬንሶ ሮድሪጌስ የሠራው ነው፤ ለእኔ ከአደባባዩ ሁሉ የሚበልጠው የእሱ ፊት ነው። መሃሉ ግራጫ ድንጋይ ሆኖ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ ነው፣ ግራና ቀኙ ደግሞ ጌጥ የሌለው ቀይ ግድግዳ። ቀዩ ባይኖር ግራጫው እንዲህ አይጎላም ነበር።

የዚያ ቀይ ድንጋይ ስም ቴሶንትሌ ነው። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበትና ቀላል። የተመረጠው ለመልኩ ብቻ አይደለም። ከተማዋ የቆመችው በቴስኮኮ ሐይቅ ላይ በነበረች ደሴት፣ ከስፔኖች በፊት የነበሩት አዝቴኮች በ1325 በመሠረቷት ቴኖችቲትላን ላይ ነው። የስፔኖቹ ጦር መሪ ኮርቴስ በ1521 ከተማዋን አፍርሶ በዚያው ቦታ ላይ ሠራ፣ ሐይቁም ቀስ በቀስ ደረቀ። ከሥር ያለው አፈር ውኃ ያዘለ ለስላሳ ሸክላ ስለሆነ ከባድ ድንጋይ ከተከመረበት ይሰምጣል። ግድግዳው በቀላሉ ቴሶንትሌ፣ ማዕዘኑ፣ መስኮቱና በሩ በጠንካራው ግራጫ ድንጋይ የሚሠራውም ለዚህ ነው። ይህን ካወቃችሁ በየመንገዱ የዘመኑን ቤት ከሩቅ ትለዩታላችሁ።

ግን ተጠንቀቁ፤ ቀይና ግራጫ የሆነ ሁሉ የቅኝ ግዛት ዘመን አይደለም። በደቡብ በኩል ያሉት ሁለቱ የአስተዳደር ሕንፃዎች መንትያ ይመስላሉ። ፊታችሁን ወደ ደቡብ ስታዞሩ በቀኛችሁ ያለው አሮጌው ነው፤ በ1692ቱ ረብሻ ተቃጥሎ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንደገና የተሠራ። በግራ ያለው እሱን አስመስለው በ1940ዎቹ ያቆሙት ነው። ቤተ መንግሥቱም እንዲሁ፤ ሁለቱ የታች ፎቆች የቆዩ ናቸው፣ ሦስተኛው ግን በ1920ዎቹ የተጨመረ። በደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን ያለው ጠቅላይ ፍርድ ቤትም የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ምዕራብ ያለው በውስጡ ባለቀለም የመስታወት ጣሪያ ያለው ታላቅ ሆቴል በ1899 ለገበያ ማዕከልነት የተሠራ ነው፤ ጣሪያው የ1908። የዘመኑ ባይሆንም የእንግዳ መቀበያውን ገብቶ ማየት ይገባል።

ካቴድራሉ ውስጥ ስትገቡ ሁለት ነገር ፈልጉ። ጥግ ድረስ ገብታችሁ የነገሥታት መሠዊያ የሚባለውን እዩ፤ ከእንጨት ተፈልፍሎ በወርቅ የተለበጠ፣ ቁመቱ ወደ 25 ሜትር የሚደርስ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ሁለተኛው ከጉልላቱ ሥር በረጅም ሽቦ የተንጠለጠለው ቱንቢ ነው። ቱንቢው ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ የሚንቀሳቀሰው ሕንፃው ነው። ወለሉ ላይ ያለው ምልክት ካቴድራሉ በየዘመኑ ወዴት እንዳዘነበለ ያሳያል። ምክንያቱ ሁለት ነው። ከተማዋ ውኃ ከሥሯ እየሳበች ስትጠጣ ሸክላው ይጨመቃል፤ መሃል ከተማው ባለፈው ምዕተ ዓመት ከ9 ሜትር በላይ ወርዷል። ካቴድራሉ ደግሞ ከፊሉ ያረፈው በፈረሱ የአዝቴክ ግንባታዎች ላይ ስለሆነ በዚያ በኩል መሬቱ አይለቅለትም፣ በሌላው ይሰምጣል። በአንዱ ጫፍና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት ከ2 ሜትር አልፎ ነበር። በ1990ዎቹ ጉድጓድ ቆፍረው ከፍ ብሎ ከቀረው ጎን ሥር አፈር እያወጡ አስተካከሉት፤ ዝቅ ያለውን ከማንሳት ይልቅ ከፍ ያለውን ማውረድ መረጡ።

ወደ ደወል ማማው የሚወስደው ደረጃ ጠባብና ረጅም ነው፤ እማማ አይሞክሩት።

መልስ 2፦ ሜትሮ_መንገደኛ

ስለ መግቢያ ወረቀት፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሜክሲኮ ቪዛ ይጠይቃል፤ ነገር ግን የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው በቱሪስትነት ሲገባ ቪዛ አያስፈልገውም። ካርዱም ፓስፖርቱም ጊዜው ያላለፈበት መሆን አለበት፣ ሁለቱም በእጅ ይሁኑ፣ ፎቶ ኮፒ አይበቃም። የሚቆዩበትን ቀን የሚወስነው የድንበር ሹሙ ነው፤ ጣሪያው 180 ቀን ነው እንጂ ሁሉም 180 አያገኝም። የመመለሻ ትኬትና የሆቴል ማረጋገጫ ታትሞ ቢያዝ ጥያቄው ያጥራል። ይህን ለሚያነቡ ሌሎችም፦ ጥገኝነት ጠይቃችሁ ውሳኔ የምትጠብቁ ከሆነ ቅድመ ፈቃድ ሳትይዙ ከአሜሪካ አትውጡ፤ ማመልከቻውን እንደተዋችሁት ይቆጠራል።

ትኬት ስትቆርጡ የአውሮፕላን ማረፊያውን ስም አረጋግጡ። ቤኒቶ ሁዋሬስ ከሆነ ከተማው ውስጥ ነው። በ2022 የተከፈተው ፌሊፔ አንሄሌስ ግን ከመሃል ከተማ በሰሜን ወደ 45 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ በዋጋ ርካሽነት ተታሎ እዚያ ያረፈ ሰው የቆጠበውን ለመንገድ ይከፍላል።

ከቤኒቶ ሁዋሬስ ወደ አሮጌው ከተማ ሜትሮቡስ የሚባለው የከተማ አውቶቡስ መስመር 4 ይሄዳል፤ ለአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ 30 ፔሶ ነው። ሻንጣ ከበዛ ግን በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይሻላል። መንገድ ላይ የሚያልፍ ታክሲ አትጥሩ።

የከተማው ባቡር፣ ሜትሮው፣ 5 ፔሶ ነው፣ የሚከፈለውም በካርድ ነው፤ አንድ ካርድ ለሜትሮም ለሜትሮቡስም ይሠራል፣ ሁለት ሰው በየተራ ሊያስነካው ይችላል። የአደባባዩ ጣቢያ በሰማያዊው መስመር 2 ላይ ያለው ሶካሎ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ሰልፍ፣ ኮንሰርት ወይም የመንግሥት በዓል ሲኖር ጣቢያው ይዘጋል፤ ባቡሩ ሳይቆም ያልፋል። ያን ጊዜ በሰሜን ምዕራብ አዬንዴ፣ በደቡብ ፒኖ ሱዋሬስ ላይ ውረዱ፤ ሁለቱም በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ባቡሩ ሲጨናነቅ የፊት ፉርጎዎቹ ለሴቶችና ለሕፃናት የተከለሉ ናቸው፤ ተጠቀሙበት።

ለእማማ ግን እውነቱን ልናገር፦ ሜትሮው ደረጃ ይበዛዋል፣ መስመር መቀየሪያ ኮሪደሮቹም ረጃጅም ናቸው። ጠዋት በመኪና ሂዱ። በአደባባዩ ዙሪያ ለእግረኛ ብቻ የተተወ መንገድ ስላለ መኪናው ጫፍ ድረስ ላያደርሳችሁ ይችላል፤ መውረጃውን ጥቂት ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ምረጡ።

ስልክ የኋላ ኪስ አይቀመጥ፤ በሕዝብ መሃል ቦርሳ ከፊት ይሁን። ከአደባባዩ ሰሜን ምሥራቅ ወደ ቴፒቶ፣ ምሥራቅ ደግሞ ወደ ላ ሜርሴድ ገበያ የሚወስዱትን መንገዶች ከመሸ አትግቡባቸው።

መልስ 3፦ አቤል_ካልጋሪ

በይፋ ስሙ ፕላሳ ዴ ላ ኮንስቲቱሲዮን ነው፤ የሜክሲኮን የ1917 ሕገ መንግሥት ለማክበር የተሰየመ። ይህን ለእማማ ንገሪያቸው። በተረፈ ከእነ ድንጋይና_ኖራ ጋር እስማማለሁ።

መልስ 4፦ ካርታ_ወዳድ

አቤል፣ በአክብሮት ላርምህ፤ የ1917ቱ አይደለም። ስሙ የመጣው ስፔን ውስጥ ካዲስ ከተማ በ1812 ከወጣው ሕገ መንግሥት ነው፤ ሜክሲኮ ገና ቅኝ ግዛት እያለች እዚህ አደባባይ ላይ ታውጇል። ሶካሎ የሚለው የዘወትር ስም ደግሞ "የሐውልት መቆሚያ" ማለት ነው። በ1843 ፕሬዝዳንቱ ሳንታ አና ለነፃነት መታሰቢያ ሐውልት ሊያቆም አሰበ፤ የተሠራው መቆሚያው ብቻ ነበር። ሐውልቱ ቀረ፣ የመቆሚያው ስም ግን አደባባዩን ወረሰው፤ ዛሬ ሌሎች የሜክሲኮ ከተሞችም ዋና አደባባያቸውን ሶካሎ ይላሉ።

ሰብለ፣ ወደ ቅደም ተከተሉ። በድንጋይና_ኖራ መልስ ላይ የምጨምረው አለኝ፤ ቀኑን ሙሉ አደባባዩ ላይ ብቻ መቆየት ልክ አይመስለኝም። የቅኝ ግዛቱ ዘመን ከተማ በጎን መንገዶቹ ላይ ነው ያለው፤ አደባባዩ ላይ ደግሞ ጥላ የሚባል የለም። እኔ እንዲህ አደርገው ነበር። ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ስልካችሁ ላይ ስድስት ጨምሩ።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት አደባባዩ ላይ ሁኑ። ወታደሮች ባንዲራውን የሚሰቅሉት ያን ጊዜ ነው፤ ሰውም ገና አልበዛም። የምዕራቡ ጎን ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ ያርፍበታል፤ የበረንዳዎቹን ፎቶ አሁን አንሡ። ካቴድራሉ ወደ ደቡብ ስለሚያይ በኅዳር ዝቅ ብላ የምትሄደው ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ታበራለታለች፤ ለእሱ አትቸኩሉ። ቤተ መንግሥቱ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው፤ ጠዋት ጥላ ውስጥ ነው፣ ቀይ ድንጋዩ የሚነደው ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት ነው።

3 ሰዓት ገደማ ካቴድራሉን ግቡ፤ ነፃ ነው። ቅዳሴ ላይ ከሆኑ በጎን መተላለፊያው ቆዩ፣ ፍላሽ አታብሩ።

ከዚያ በካቴድራሉና በቤተ መንግሥቱ መካከል ወደ ምሥራቅ የሚገባውን ሞኔዳ መንገድ ያዙ። ሜዳ ነው፣ ለእማማ ይመቻል። የመጀመሪያው ማዕዘን ላይ በ1539 በአሜሪካ አህጉር የመጀመሪያው ማተሚያ የሠራበት ቤት አለ። እዚያው ወደ ግራ ታጥፋችሁ ጥቂት ሜትር ብትሄዱ የቀድሞው የሳንታ ቴሬሳ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ መዝመሙ በዓይን የሚታይ ነው፤ ከፊቱ ቆማችሁ የግድግዳውን መስመር ከጎረቤቱ ጋር ካስተያያችሁ ያ የካቴድራሉ ቱንቢ የሚናገረው ነገር ወዲያው ይገባችኋል። ወደ ሞኔዳ ተመልሳችሁ ወደፊት ስትሄዱ አሮጌው የገንዘብ ማተሚያ ቤት አለ፤ ሞኔዳ ማለት ሳንቲም ነው፣ የመንገዱም ስም ከዚያ ነው የመጣው። ዛሬ የዓለም ባህሎች ሙዚየም ነው፤ ግቢውን ብቻ አይታችሁ ብትወጡ ይበቃል፣ መቀመጫም ታገኛላችሁ።

የአዝቴኮችን ታላቅ ቤተ መቅደስ፣ ቴምፕሎ ማዮርን፣ ቲኬት ሳትቆርጡ ከአጥሩ ውጪ ከካቴድራሉ ጀርባ በኩል ጥሩ አድርጋችሁ ታዩታላችሁ። ሙዚየም ካልፈለጋችሁ ይህ በቂ ነው። በ1978 የመብራት ኃይል ሠራተኞች ሲቆፍሩ ዲያሜትሩ 3.25 ሜትር የሆነ ኮዮልሻውኪ የተባለችው የአዝቴክ አምላክ የተቀረጸችበት ድንጋይ አገኙ፤ ትልቁ ቁፋሮ የጀመረው ከዚያ ነው። ድንጋዩን በዓይን ለማየት ግን ሙዚየሙን መግባት ግድ ነው። ሰኞ ዝግ ነው፤ ሐሙስ መምረጣችሁ ጥሩ ሆነ። ሰኞ አብዛኛው የመንግሥት ሙዚየም አይከፍትም፤ እሑድ ደግሞ ለአገሬው ሰው ነፃ ስለሆነ ይጨናነቃል።

ከቀትር በኋላ ሁለት አማራጭ አለ። በሰሜን ሦስት መንገድ አልፎ ሳንቶ ዶሚንጎ አደባባይ አለ። ከሶካሎ ያነሰ ነው፣ ግን የዘመኑ መልክ የተሻለ የተጠበቀበት እሱ ነው፤ ማዕዘኑ ላይ የኢንኩዊዚሲዮን (መናፍቃን የሚዳኙበት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን) ፍርድ ቤት የነበረው የ1730ዎቹ ሕንፃ ይታያል፤ በሩ ማዕዘኑን ቆርጦ ነው የተሠራው። በምዕራቡ በረንዳ ሥር የጽሕፈት መኪና ይዘው ለሰው ደብዳቤና ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ ልክ እንደ እኛ ፍርድ ቤት ደጃፍ ራፖር ጸሐፊዎች። በደቡብ ደግሞ በፒኖ ሱዋሬስ መንገድ ሦስት መንገድ ያህል ወርዳችሁ የካሊማያ መኳንንት ቤት የነበረውን ሕንፃ ታገኛላችሁ፤ ማዕዘኑ ሥር መሠረቱ ላይ ከአዝቴክ ቤተ መቅደስ የተወሰደ የእባብ ራስ ተሰክቷል። አሸናፊው ከተሸናፊው ድንጋይ ቤቱን እንዴት እንደሠራ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ነገር የለም። አንዱን ብቻ የምትመርጡ ከሆነ ሳንቶ ዶሚንጎን ምረጡ።

9 ሰዓት ተኩል ገደማ ለቤተ መንግሥቱ ብርሃን ተመለሱ። በኅዳር ማለቂያ ፀሐይ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፤ ባንዲራውም የሚወርደው ያኔ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አደባባዩ ብዙ ጊዜ ባዶ አይደለም፤ መድረክ፣ ድንኳን፣ የተቃውሞ ሰፈራ ይተከልበታል። በፎቶ ያያችሁትን ሰፊ ሜዳ ላታገኙት ትችላላችሁ። እንዲህ ከሆነ በምዕራብ በኩል ካሉት ሆቴሎች በአንዱ በሊፍት ወደ ጣሪያው በረንዳ ውጡ፤ ቡና ወይም ሻይ ማዘዝ ይጠበቅባችኋል፣ ነገር ግን ከላይ ካቴድራሉና ቤተ መንግሥቱ ባንድ ላይ ይታያሉ። ለጉልበትም እረፍት ነው።

ሰብለ_ዲሲ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ይህን ያህል አልጠበቅሁም። የቀሩኝ፦ በቤተ መንግሥቱ ያሉት የሠዓሊው ዲዬጎ ሪቬራ የግድግዳ ሥዕሎች ጉዳይ፣ ምግብ፣ እና ከፍታው። እናቴ ግፊት ስላላት ሐኪሟን እንድጠይቅ ብዬ ነው።

መልስ 5፦ ድንጋይና_ኖራ

ካርታ_ወዳድ ስለ ሞኔዳ ያልከውን ተቀብያለሁ፤ ለእማማ ጉልበትም የተሻለው የአንተ ነው።

ሰብለ፣ የቤተ መንግሥቱ ጉዳይ። ሪቬራ በዋናው ደረጃ ግድግዳና በመተላለፊያው ላይ ከ1929 እስከ 1951 የሣላቸው ናቸው። ቀድሞ መታወቂያ አሳይቶ መግባት ይቻል ነበር። ሕንፃው ዛሬ የፕሬዝዳንቱ ቢሮና መኖሪያ ስለሆነ በር ላይ ቀርቦ "ልግባ" ማለት እንደ ድሮው አይሠራም፤ መግባት ሲፈቀድም በተወሰነ ቁጥርና በአስጎብኚ ነው። ቀናችሁን በእሱ ላይ አትገንቡት። ዋናው ሥዕል ያለውም ደረጃው ላይ መሆኑን አትርሺ።

የተሻለው ምትክ ከሳንቶ ዶሚንጎ አጠገብ የቀድሞው የትምህርት ሚኒስቴር ሕንፃ ነው፤ ከ2024 ጀምሮ የግድግዳ ሥዕል ሙዚየም ሆኗል። ሪቬራ እዚያ ከ1923 እስከ 1928 ነው የሠራው፤ የምድር ቤቱ ግቢዎች ዙሪያቸውን በእሱ ሥዕል የተሞሉ ስለሆነ እማማ አንድ ደረጃ ሳይወጡ ሸማኔውን፣ ቀለም ነካሪውን፣ የማዕድን ሠራተኛውን ያያሉ። ሳንቶ ዶሚንጎን ከመረጣችሁ በመንገዳችሁ ላይ ነው። ይህም ሰኞ ዝግ ነው።

ከፍታው 2,240 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከዚያ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ ግን ከዋሽንግተን ለሚመጣ ሰው ያ የድሮ ልማድ አይቆጠርለትም፤ ለዓመታት ቆላ የኖረ ሰውነት እንደ አዲስ ነው የሚለምደው። የደረሳችሁ ዕለት ዕረፉ፣ ውኃ ጠጡ፣ ሶካሎን ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቀን ላይ አድርጉት። ሐኪማቸውን መጠየቅሽ ልክ ነው። ዝናቡ እንደ እኛ ክረምት ከግንቦት እስከ ጥቅምት ስለሆነ በኅዳር ማለቂያ ደረቅ ነው፤ ጠዋትና ማታ ይበርዳል፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ነጠላና ባርኔጣ ሁለቱንም ያዙ።

መልስ 6፦ የጓዳ_ሰው

የጾሙን ለእኔ ተዉት።

ከበቆሎ የሚሠራው ቶርቲያ ጾም ነው፤ በቆሎ፣ ኖራና ውኃ ብቻ ነው። ከስንዴ የሚሠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ስብ ይገባበታል። የስቡ ስም ማንቴካ ነው፤ ይህን ቃል ያዙት። ታማሌ ሊጡ በማንቴካ የሚታሽ ስለሆነ ውስጡ አትክልት ቢሆንም ጾም አይደለም። የተፈጨ ባቄላ መሳዩ ፍሪሆሌስም በማንቴካ ሊጠበስ ይችላል። ሩዝና ሾርባ ደግሞ ብዙ ቦታ በዶሮ መረቅ ይበስላሉ፤ አትክልት ብቻ መስሎ ያሳስታል።

የምመክረው ትላኮዮ ነው። የበቆሎ ሊጥ ሞላላ ተደርጎ ውስጡ ባቄላ ተሞልቶ በምጣድ ይጋገራል፤ ኖፓል የሚባለው የቁልቋል ቅጠል ከላይ ይደረግበታል። "ትላኮዮ ዴ ሀባ" ብላችሁ ስታዙ ውስጡ ልክ እንደ እኛው ባቄላ ነው። አይብና ክሬም ሳይጠየቅ ከላይ ስለሚያደርጉበት አስቀድማችሁ "ሲን ኬሶ፣ ሲን ክሬማ፣ ሲን ማንቴካ፣ ፖር ፋቮር" በሉ። "ሶይ ቬሄታሪያና" (ሥጋ አልበላም) ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ሥጋውን ያነሱና አይቡን ይተዉታል።

እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ አገሩ ይመቻችኋል። የሜክሲኮ ዋና ምግብ የሚቀርበው ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ገደማ ስለሆነ 9 ሰዓት ላይ ምግብ ቤቱ ሙሉ፣ ምግቡ ትኩስ ነው። ካርታ_ወዳድ ያለው የቤተ መንግሥት ብርሃን እስከ 11 ሰዓት ስለሚቆይ በልታችሁም ትደርሳላችሁ።

የቧንቧ ውኃ አትጠጡ። ለመጠጥ "አግዋ ዴ ሀማይካ" እዘዙ፤ የኛው ከርከዴ ነው፣ ቀዝቅዞ ይመጣል። ኦርቻታ የሚባለው ነጩ መጠጥ ወተት ሊኖርበት ይችላል፤ ጠይቁ።

ከካቴድራሉ አጠገብ ላባ የደፉ ጨፋሪዎች ኮፓል የሚባል እንደ ዕጣን የሚጨስ ሙጫ እያጨሱ ታያላችሁ። ጢሱን በሰው ላይ የሚያዞሩት ለማንጻት ነው፤ ከተቀበላችሁ ገንዘብ ይጠበቃል። ካልፈለጋችሁ "ኖ ግራሲያስ" ብላችሁ እለፉ። ፎቶ ካነሳችሁም ሳንቲም መስጠት ተገቢ ነው።

መልስ 7፦ ሜትሮ_መንገደኛ

ከሶካሎ በኋላ ጉልበት ከተረፋችሁ አንድ ቦታ ልጨምር። አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ እንዳለ ሁሉ እዚያም ኢትዮጵያ አደባባይ አለ። ሜክሲኮ የጣልያንን ወረራ በመንግሥታት ማኅበር ከተቃወሙት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች፤ አደባባዩ የተሰየመው ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በ1954 ሜክሲኮን በጎበኙበት ወቅት ነው። የሜትሮ ጣቢያውም ኢትዮጵያ ይባላል። በዚያ ከተማ እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ ሥዕል አለው፤ የሶካሎ ንስር ነው፣ የኢትዮጵያ ደግሞ የአንበሳ ራስ።

በሜትሮ፦ ከሶካሎ መስመር 2ን ወደ ኳትሮ ካሚኖስ ያዙ፣ ሦስተኛው ጣቢያ ኢዳልጎ ላይ ውረዱ፤ እዚያ መስመር 3ን ወደ ኡኒቬርሲዳድ ቀይሩ፣ ስድስተኛው ጣቢያ ነው። ደረጃውን ለመሸሽ ግን ለእግረኛ ብቻ በተተወው በማዴሮ መንገድ በዝግታ ወደ ምዕራብ ሂዱ፤ በሰማያዊና ነጭ ሸክላ የተለበጠውንም ቤት መንገዱ ጫፍ ላይ ታገኙታላችሁ። ከዚያ አላሜዳ መናፈሻን አቋርጣችሁ ከመናፈሻው ማዶ በባልዴራስ መንገድ ወደ ደቡብ የሚሄደውን ሜትሮቡስ መስመር 3 ተሳፈሩ። 6 ፔሶ ነው፤ መሳፈሪያው ከአውቶቡሱ ወለል ጋር እኩል ስለሆነ እማማ እግራቸውን ማንሳት አይጠበቅባቸውም። ከ11 ሰዓት በኋላ በጣም ይሞላል፤ ከዚያ በፊት ካልደረሳችሁ በማግስቱ ጠዋት ከ4 ሰዓት በኋላ ሂዱ። የአንበሳው ሥዕል ሜትሮ ጣቢያው መግቢያ ላይ ከላይ ስለሚታይ ለፎቶው ወደ ታች መውረድ አያስፈልግም።